ሦስቴ የለካሁት መስኮት

ከደብረ ብርሃን ተድሬ ጭሮ በመጣሁ በወሩ ቤት ማሳደስ እኔ ላይ ወደቀ። ግንበኛው ጋሽ ሙሜ አንደበታቸው ቁጥብ ነው፤ ጉንጫቸው በጫት ስለተወጠረ ከአንድ ቃል በላይ አይወጣቸውም። የጓዳውን ግድግዳ አሳየኋቸውና «መስኮቱ እዚህ ጋ ይውጣ?» አልኳቸው። «ለኪ!» አሉኝ። ሜትሩን ዘርግቼ ለካሁ። «አሁንስ ይውጣ?» «ለኪ!» በሙያው የማይቀልድ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ እያለኝ ደግሜ ለካሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አስለክተውኝ አሁንም «ለኪ!» ሲሉኝ ግን ደሜ ፈላ። «ስንቴ ልለካ ጋሽ ሙሜ? ይፍረስ አልኩ፣ ይፍረስ!» ትከሻቸውን ነቅንቀው መዶሻቸውን አነሱ።

ግድግዳው ሲከፈት ጎረቤታችን ሐጂ ከሽንት ቤታቸው በር ላይ፣ ጆግ እንደያዙ፣ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። «ማሻአላህ፣ መስኮት አወጣችሁ?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ወደ ጋሽ ሙሜ ዞሬ «አይሆንም አይሉኝም ነበር?» ብዬ ጮህኩባቸው። ጫታቸውን ተፉና የዕለቱን ረጅም ንግግር አደረጉ፦ «ልጄ፣ ‹ለኪ› በኦሮምኛ ‹አይሆንም› ማለት ነው። እኔ አራቴ ከለከልኩ፤ አንቺ ሦስቴ ለካሽ!»

ልኩ ግን፣ አይካድም፣ አንዲት ሴንቲ አልተዛነፈም።