ለቅርጫት ኳስ የተላከ ሽማግሌ

— ሄሎ!… ሄሎ!… አዎ፣ ደባርቅ ነው… አዎ፣ የሺወርቅ ነኝ፤ ማን ልበል?

— ያርጋል! አንተ ነህ እንዴ! «ከጎንደር ጥሪ መጥቶልሻል» ብለው ሰው ሲልኩብኝ እኮ ልቤ ወልቆ ነው የሮጥሁት። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ… ደኅና ነህ?… ልጆቹስ? ልምምድ አልቀረም?… ጎሽ የኔ ምክትል! ዓለምዬም በሰዓቱ ትመጣለች?… ኧረ! እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህባት አንድ ቀን ሰምታኝ አታውቅም።

— ምን?… አልሰማህም፤ ጮክ በል። ዛሬ የደባርቅ ሰው በሙሉ ቴሌ ገብቷል። ደብሪቱ፣ እባክሽ እኅት ዓለም፣ ያን በር ዝጊልኝማ… እ፣ አሁን ቀጥል። ትሰማኛለህ?

— ጤናዬን? ልጅቱን አገኘኋታ! ይዣት ልመጣ ነው!… አዎ! አባቷ ፈቀዱ!… እውነቴን ነው! እዚህ ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ አድርጌያት ነው የመጣሁ። የሽሬው አውቶቡስ ሊማሊሞን እስኪወጣ እየጠበቅን ነው… አትጩህ፣ ጆሮዬን አደነቆርኸው።

— ያንተ ወሬ ይቆይ… አይ፣ ይቆይ አልሁህ! የኔን ሳትሰማ ያንተን አልሰማም። አባቷ ቤት፣ ቡይት ራስ ድረስ ተመላልሼ እግሬ አብጧል፣ መጀመሪያ እኔ ላውራ።

— ጥፋቱ እኮ ያንተ ነው! ያ ፎቶ!… የቱ ትለኛለህ? ሰኔ ላይ አሳጥበህ ለእያንዳንዳቸው የሰጠሃቸው የኮሌጁ ቡድን ፎቶ ነዋ! ጤናዬ ደስ ብሏት ለቤተሰቧ ልታሳይ ይዛው ሄደች። አባቷ አያ ገሠሠ ደግሞ ገብስ እንጂ ኳስ የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን በቁምጣ፣ ጉልበቷ እንዲያ ወጥቶ ሲያዩዋት!… ተው አትሳቅ። ሰንበቴ ላይ ሳይቀር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ አሉ። «ከእንግዲህ ይቺን ልጅ ማን ያገባታል?» ብለው ትምህርቱን አስቆሟት። ክረምቱን በሙሉ ስታለቅስ ነው የከረመች።

— መጀመሪያማ ብቻዬን ሄድሁ፣ እንደ ወትሮዬ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አይደል የሠራሁት? ኳስ ካሠለጠንሁበት ቀን የሰው በር ላይ ቆሜ የለመንሁበት ይበልጣል። አንዷን ከዛሪማ፣ አንዷን ከዳባት… የመጀመሪያዎቹማ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚጫወቱ፤ ሮጠው ሲዞሩ ቀሚሱ እግራቸው ላይ ይጠመጠምና ዱብ! ያም ሆኖ ይጫወቱ ነበር። የአበባየሁን እናትስ ረሳሃቸው? ውሻ የለቀቁብኝን?… አዎ! በኋላ ጨዋታ ሊያዩ መጥተው ዳኛውን የሰደቡት!

— አያ ገሠሠ ግን አላስገቡኝም። በሩ ላይ እንደቆምሁ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የይግዛው አልኋቸው። «የትኛው ይግዛው? ይግዛው የማን?»… ምን ልበል? አባቴንም እናቴንም በልጅነቴ ነው የቀበርሁ። ያሳደገችኝ አክስቴም ነፍሷን ይማረውና ስለ ዘር አውርታልኝ አታውቅም። አያ ገሠሠም «ሽማግሌ የሌለው ነገር እኔ ቤት አይሰማም» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

— ከፋሽ ወይ ትለኛለህ? አለቀስሁ እንጂ! ያን ሁሉ ቁልቁለት እያለቀስሁ ወረድሁት። ቡድኑስ ይቅር፣ ይሸነፍ… ልጅቱ እንዲያ ያለ ጭንቅላት ይዛ፣ ለመመረቅ ሁለት ዓመት ሲቀራት እዚያው ልትቀር ነው። ታስቸኩለኛለህ እንዴ? ምን ያለ ወሬ ነው ያለህ?… እንግዲያው ቆይ።

— ከዚያማ ሽማግሌ ላክሁ! ዳባት ሄጄ አባ ወልደ ሩፋኤልን፣ ያጠመቁኝን ቄስ፣ ለመንኋቸው። እሳቸው ሁለት ሽማግሌ ጨመሩ። በቅሎ ለምኜ አወጣኋቸው… አባ እዚሁ አጠገቤ ናቸው፣ ሊሸኙን መጥተው። አባ፣ ያርጋል ነው፤ ሰላም በይልኝ እያለ ነው… ይባርክህ ይላሉ።

— እንግዲህ አስበው። ሦስት ሽማግሌ ነጫጭ ጋቢ ለብሶ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ተቀመጡ ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ካለ፣ በእኛ አገር ምን ማለት ነው?… እሱን ነው የምልህ! እኔ እኮ አላሰብሁትም! ኮሌጅ ከርሜ ከርሜ የአገሬን ደንብ ረስቼው! አባ «ስለ ልጅዎ ጉዳይ ነው» ብለው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የአያ ገሠሠ ፊት በራ አሉ። ከዚያ ፎቶ በኋላም ጠያቂ መጣ! ሚስታቸው እማማ በለጠች ጠላ መቅዳት ጀመሩ። አንድ ሙክት እየተጎተተ ወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይቀር «ያለ ፈቃድ ስብሰባ ነው ወይ?» ብሎ መጣ፤ ጋብቻ ነው ሲሉት ጠላውን ይዞ ቁጭ አለ።

— እኔማ ውጭ ነኝ፣ ጥላ ይዤ አጥር ሥር። የሙሽራው እናት መስያቸው!… በል ሳቅ፣ ሳቅ። ጠጉሬ ገና አንድ ሽበት ሳያወጣ!

— ከዚያ ዘር ቆጠራ ተጀመረ፣ እስከ ሰባት ቤት። ዝምድና ካለ መጋባት አይቻልማ። «ልጄን የሚወስዳት ዘሩ ከማን ነው?» ሲሉ አባ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? የኔን መቁጠር!… ኧረ አሁንም አልተጸጸቱም። «ልጁን የሚወስድበት ማን እንደሆነ አባት ማወቅ አይገባውም ወይ?» ነው የሚሉኝ።

— ያርጋል… ቆይ፣ ይሄን ቀስ ብዬ ልንገርህ። አጥር ሥር ቆሜ አያቶቼን ሰማኋቸው። የይግዛው አባት ሀብተ ሚካኤል። የሀብተ ሚካኤል እናት፣ የእሷ አባት… አንድ በአንድ። አባ ሁሉንም ያውቋቸዋል። የማን እርሻ የት እንደነበረ፣ ማን የትኛው ደብር እንደተቀበረ ሳይቀር። እኔ እኮ ከሰማይ ዱብ ያልሁ ይመስለኝ ነበር። አዎ… አዎ፣ ደኅና ነኝ።

— አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሴት ተጠሩ። አያ ገሠሠ ከመደቡ ብድግ! «ወይ መዓቴ! እሳቸውማ የኔም አምስተኛ ቤት አያት ናቸው! ዘመዳሞች ነን! ጋብቻው አይሆንም!» ሙክቱ ወደ በረት ተመለሰ። እማማ በለጠች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ። ሊቀመንበሩ ብቻ ጠላውን አላስቀመጠም። ለቅሶ ቤት ሆነ ስልህ!

— እኔማ ገባሁ! ከዚያ ወዲያ ምን እጠብቃለሁ? እግራቸው ላይ ወድቄ «ሙሽራ የለም፤ እኔ ነኝ። ልጅቱን የምፈልጋት ለትምህርቷና ለኳሷ ነው» አልሁ። አያ ገሠሠ ቁልቁል አዩኝ፣ አዩኝና «አንቺ ነሽ ያ በር ላይ የመለስሁሽ? የይግዛው ልጅ?» አሉ። ነኝ አልሁ። «ሙክቱን መልሳችሁ አምጡት!» አሉ… አዎ! «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ለኮሌጅ ልጅ አልሰጥም፤ ለእኅቴ ግን እሰጣለሁ» አሉኝ። እኅቴ አሉኝ፣ ያርጋል!

— ቁምጣውንማ ከጉልበት በታች አወርደዋለሁ ብያለሁ… እኔ ራሴ እሰፋዋለሁ፣ አንተ ምን ቸገረህ?… ዳኛው ካልተስማማ አያ ገሠሠን መጥቶ ያነጋግር!

— ሌላማ አንድ ቃል አስገቡኝ። «የሰጠሁት ላንቺ ነው። አንቺ ካለሽ እሷም አለች፤ አንቺ ከሄድሽ እሷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች» አሉ። እኔም አባ ባሉበት፣ እስክትመረቅ አልለያትም ብዬ ማልሁ… ያርጋል? ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— እንግዲያው ያንተን ንገረኝ አሁን። በል።

— ከየት?… ከአዲስ አበባ?… የሴቶች ብሔራዊ ቡድን?… እኔን አሠልጣኝ?… ድገመው እስቲ።

— አለሁ። አለሁ፣ አልተቋረጠም… ቀርቷል ብዬ ነበር እኮ። ካመለከትሁ ስንት ጊዜዬ! ተስፋ ቆርጬ ለማንም ማውራት ትቼው ነበር። ዳባት ተማሪ ቤት ግንድ ላይ የበርሜል ቀለበት ቸንክረን ስንወረውር ጀምሮ እኮ… ደብሪቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታገሽኝ፣ አትቁረጪብኝ።

— መቼ ነው የሚፈልጉኝ?… በዚህ ሳምንት?… አሃ።

— አንተ ትጠብቃታለህ? አውቃለሁ፣ ከልብህ ነው የምትለው። ጎበዝ አሠልጣኝም ይወጣሃል፤ ፊት ለፊት ነግሬህ አላውቅም እንጂ። ግን አንተን ሰባት ቤት ብንቆጥርህ አያ ገሠሠ ዘንድ አትደርስም… አዲስ አበባ ይዣት ልሂድ? ትምህርቷን አቋርጣ? ለምን ወሰድኋት ታዲያ?

— ምንም አይደለም፣ አባ… አይ፣ ክፉ ወሬ አይደለም። ጥሩ ወሬ ነው፣ አባ። በጣም ጥሩ ወሬ ነው።

— ስማኝ ያርጋል። ይከፋኛል፣ አልዋሽህም። ጎንደር ገብቼ ብቻዬን ስሆን አለቅስ ይሆናል። ግን ትናንት ሲመሻሽ አያ ገሠሠ አጠገባቸው አስቀምጠው ሥጋውን በእጃቸው ሲያጎርሱኝ… እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ብሔራዊ ቡድኑ ሌላ ሰው ያገኛል። ጎንደር ሌላ የሺወርቅ ትመጣ ይሆናል። ጤናዬ ግን ከኔ ሌላ መውጫ የላትም… አይ፣ ቆርጫለሁ። ለሷ እንዳትነግራት። ከሰማች ራሷን ትወቅሳለች፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከከፋት ኳሱ ቅርጫት አይገባላትም።

— ማን?… ዲኑ አጠገብህ ናቸው? ከመጀመሪያው ጀምሮ?… አንተ! የሙክቱን ነገር ሁሉ ሰሙት?… ምን ታደርገዋለህ፣ ስጣቸው እሺ።

— ጤና ይስጥልኝ፣ ጓድ ኪዳነ ማርያም… ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን… ሰማሁ፣ ነገረኝ። ዲን ሆነው እንዲህ ስለኔ እንደደከሙ አውቃለሁ፤ ውለታዎን አልረሳም… አልሄድም፣ ጓድ… አስቤበታለሁ… አይ፣ የደመወዝ ነገር አይደለም… ኧረ ፖለቲካም አይደለም!… ምክንያቱን? መልስ ሊጽፉላቸው ነው?… «በቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ይጻፉልኝ።

— አዎ፣ በቤተሰብ ጉዳይ… ልክ ነዎት። እንቁጣጣሹንም ገናውንም ኮሌጅ የማሳልፈው መሄጃ አጥቼ ነበር… ቤተሰብ አልነበረኝም፣ ጓድ። አሁን አለኝ።

— እሺ… እግዜር ይስጥልኝ… ደብሪቱ፣ ጨርሻለሁ።