ስም የለሽ ምላስ

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ከሥላሴ ቅዳሴ ወጥተው ወደ ፒያሳ ሲመለሱ፣ አራት ኪሎ ታክሲ ተራ ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ዳናይትን አገኟት። ዳናይት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ትማራለች።

«እግዜር ነው ያገናኘን፣ ልጄ» አሉና ስልካቸውን ዘረጉላት። «ይሄ ነገር አልጽፍ ብሎኛል፤ እስቲ እዪልኝ።»

ዳናይት ስልኩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ፌስቡኩ የተከፈተው «እውነቱ ይውጣ» በሚል ስም ነው። ከሥሩም «ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ኬክ ቤት የበላ ሕፃን ሆስፒታል ገባ» የሚል ተጽፏል። ፒያሳን ያዳረሰው ወሬ የወጣው ለካስ ሰፈሩ በሽምግልና ከሚያከብራቸው ሰው ነው!

«ሕፃኑ የማን ነው፣ ጋሼ?»

«ኧረ ሕፃንስ የለም። ለልጅ ልጄ ክርስትና የሸጠችልኝ ኬክ ኮምጥጦ ነበር። ብነግራት በሰው ፊት ሳቀችብኝ። እኔም ጨመርመር አደረግሁበት። ስሜ የለበት፣ ማን ያውቀኛል?»

«ፊት ለፊት ቢሆን ይህን ይናገሩ ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ! ዓይኗን እያየሁ?»

«አዩ፣ ሰውን የሚገታው ይኸው ዓይን ነው። ስልክ ላይ የምትደነግጥ ሴት አትታይም። ስማችንን ስንደብቅ ይሉኝታችንም አብሮ ይደበቃል። ጨዋው ሰው እንኳ ‹የጻፈው ያ ስም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› እያለ ራሱን ያታልላል። አጭበርባሪም ሌላውን ከማታለሉ በፊት የሚጀምረው ራሱን ከማታለል ነው።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ተቆጡ። «አባቶቻችንስ ወርቁን በሰም ሸፍነው ይናገሩ አልነበር?»

«የሸፈኑት ቃሉን ነው፣ ጋሼ፤ ፊታቸውን አልሸፈኑም። የተበደለ ሰው ለደኅንነቱ ስሙን ቢሰውር አልነቅፍም። እርስዎ ስምዎን የሰወሩት ግን ሐሰት ለመጻፍ ነው። እትዬ ዓለምጸሃይ ሠራተኞቻቸውን አሰናብተዋል። ከቤት መውጣትም ፈርተዋል። የጻፈው ሰው ስም ስለሌለው፣ መንገድ ላይ የሚያዩት ሰው ሁሉ እሱ ይመስላቸዋል።»

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው የጻፉትን እንደገና አነበቡት።

«ላጥፋው?»

«ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። እውነቱን በገዛ ስምዎ ይጻፉ።»

«ሕግስ ይጠይቀኛል?»

«ሊጠይቅዎ ይችላል።»

ዳናይት ስልኩን አስተካከለችላቸውና እዚያው ጻፉ። ከዚያም አብረው ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ቤት ሄዱ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ በር ላይ ቆመው «ያን ወሬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ማን እንደጻፈው አጣርተው እንዲያስታርቁኝ ነገ እርስዎ ዘንድ ልመጣ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ እያለቀሱ።

ይቅርታው በአንድ ቀን አልመጣም። ሁሉም ደንበኛ አልተመለሰም። ነገር ግን ጠላታቸው ሰፈሩ ሁሉ ሳይሆን አንድ የተጸጸተ ሰው መሆኑን ማወቃቸው ለወይዘሮ ዓለምጸሃይ እንቅልፍ መለሰላቸው። ጋሽ ወርቅአፈራሁም ዕድር በተሰበሰበ ጊዜ፣ ለሰሚው ሁሉ ኃፍረታቸውን ሳይደብቁ «የማትፈርሙበትን ቃል አትጻፉ» እያሉ ይመክራሉ።