ዘንዶ የሚገጥም ስንት ሰው ይገኛል?

በጅማ ታክሲ ውስጥ ተወርቶ እኔ ያልገባኝ ወሬ የለም። በክረምት ወደ ሊሙ ስንሄድ ግን ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ስለ ዘንዶ ሲያወሩ እውነት መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ። ለካስ እነሱ ዳይስ እየጣሉ፣ እያንዳንዱ «ካራክተር» የሚሉትን የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ተረት የሚፈጥርበት ጨዋታ ነው።

«ካራክተርሽ ቡና ለቃሚ ናት፤ ቡና ለቃሚ ዘንዶ አይገጥምም!» አለ ልጁ። «ጀግና ለአንድ ከተማ አንድ ነው።»

«ተው እንጂ! ጀግናማ ሞልቷል።»

«የት?»

«እዚሁ ታክሲ ውስጥ።»

«አሳዪኝና ቡና ለቃሚሽ ዘንዶው ጋ ትግባ!»

ይህን ሲል ታክሲው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆመ። ማንም ሳያዝ በሩ ተከፈተ።

«ኮታ ማሎ፣ ኑ እባካችሁ እንግፋ!» አሉ አንዲት እናት፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ ይቀመጡ» አለች ልጅቷ አንድ ሽማግሌን።

«ወላሂ አልቀመጥም! ትከሻዬ መቼ አረጀ?»

«በሉ፣ ያዝ! ግፋ!»

ታክሲው እያጓራ ወጣ። እልልታው ሊሙ ሳይሰማ አልቀረም። ሁሉም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ።

«እሺ፣ ስንት ጀግና አየህ?» አለች ልጅቷ።

«ኧረ ይሄ መኪና መግፋት ነው!»

«አንተስ ለምን ገፋህ?»

«ሰው ሁሉ ሲወርድ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! አንድ ሰው ከጀመረ የሚቀር የለም። ትግባ?»

«ትግባ፣ አሸነፍሽ!»

ታክሲው በሙሉ አጨበጨበላት።

ከመቀመጫዬ ያልተነሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩና፣ ንጹህ ጫማዬን ቀስ ብዬ ከወንበሩ ሥር ደበቅሁ።