ሰሌዳው ላይ ያልለጠፍኩት ወረቀት

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ አምባቸው፣ ከየጤና ጣቢያው የመጣችሁ የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። በጉን ያረደውን፣ ወንበር የተሸከመውን፣ ይህን ጋቢ ያለበሰኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ እኔ የተነገረውን መልካም ነገር ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ለቀብሬ አስቀምጡት፤ ያኔ የሚከራከራችሁ አይኖርም።

ባልደረባችን ሥርጉት የቀረበልኝን አለመንካቴን አይታ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላኛለች። አላመመኝም። ሰኞ እየደረሰ ነው። ሰኞ አስራ አንዱም ጤና ጣቢያዎች የወረቀት ካርዳቸውን አጥፈው፣ የመድኃኒታቸውን ገቢና ወጪ እኛ በሠራነው ፕሮግራም ብቻ መያዝ ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ ዛሬ ዓርብ እሰናበታለሁ። ስለዚህ ከመሰናበቴ በፊት የምናገረው ነገር አለኝ። ወደዚያ ለመድረስ ትንሽ ከኋላ ልነሳ፤ ታገሱኝ።

እኔ ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። የመድኃኒት መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ከደሴ በጭነት መኪና አንድ ኮምፒዩተር መጣና ጨርቅ ለብሶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የሚነካው ጠፋ። እኔ ጨርቁን ገለጥኩት። አብሮት የመጣውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ አንዱን ገጽ አንዳንዴ ሳምንት እየፈጀሁበት ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ፕሮግራም ብዙ ዓመት ሠርቷል። በዚህ ምክንያት ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህን ስትሰሙ አቀርቅራችሁ አትሳቁ፤ ቀና ብላችሁ ሳቁ።

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ አዩብ ሥራችንን ሊመራ ከአዲስ አበባ መጣ። አሮጌው ፕሮግራም በአዲስ እንዲተካ ተወስኖ ነበርና አጃይል የሚባለውን አሠራር ይዞልን መጣ። እኔ በእጄ የጻፍኩት መቶ አርባ ገጽ ዕቅድ ነበረኝ። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ነው ለሰዎቹ የምናሳየው?» አለኝ።

«ታዲያ ሳያልቅ ነው የሚታየው?»

«በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ሠርተን እናሳያለን። ስህተቱ ትንሽ ሳለ ይነግሩናል።»

«ቤት የሚሠራ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ጎረቤት ጠርቶ ግድግዳ ያሳያል?»

«ጎረቤት አይጠራም። ባለቤቱን ግን ይጠራል፤ በሩን በየት በኩል እንደሚፈልግ።»

ስሸነፍ የማደርገውን ታውቃላችሁ፤ ተነስቼ ወጣሁ።

ቀጥሎ የቁም ስብሰባ መጣ። በየጠዋቱ አስራ አምስት ደቂቃ ቆመን እያንዳንዳችን ሦስት ነገር እንድንናገር ነው፤ ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን እንቅፋት አለብኝ። እንቅፋት ያለበት በወረቀት ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል። «አስራ አምስት ደቂቃ?» አልኩት፤ «በወሎ ቦረና ምድር ሰላምታው ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ቆሞ የሚያልቅ ነገር ደግሞ ወረፋ ብቻ ነው።» እሱ ግን «አብሽሩ ጋሼ፣ ይለመዳል» አለኝ።

ተለመደ። እንዴት እንደተለመደ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን «ማን ይጀምር?» ተባለ። ታላቅ ቆሞ ማን ይቀድማል? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «የቀን አቆጣጠሩን ክፍል ጨርሻለሁ። ማንም አይንካው። እንቅፋት የለብኝም» አልኩ። ቀጣዩም «እንቅፋት የለብኝም» አለ። ከሱ የቀጠለውም እንደዚያው። እኔ መራሁ፣ እነሱ ተቀበሉ፤ የቅዳሴ ተሰጥኦ መሰለ። ይህ ለወራት ቀጠለ። አስራ አምስት ደቂቃ የተባለውን በአራት ደቂቃ እንጨርሰው ነበርና እኔ ኮራሁበት። አዩብ ብቻ ፊቱ አይፈታም። «ምን ሆነሃል? የአንተ ሥራ እኮ ነው እየሠመረ ያለው» ስለው «ጋሼ፣ ስምንት ሰው በአንድ ላይ እንቅፋት ሲያጣ እኔ እፈራለሁ» አለኝ። ሰነፍ ይፈራል ብዬ አለፍኩት።

ለጤና ጣቢያዎቹ ሰዎች የምናሳየው በገበያ ቀን ነው፤ ያን ቀን ወደ ከተማችን ወደ መካነ ሰላም መውረዳቸው ስለማይቀር። አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ ፊርደውስ፣ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች፣ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ አለች። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን አስገቢ አልናት። «እስቲ የልጄን የሚመጣውን የልደት ቀን ልሞክርበት» አለችና ጳጉሜን ስድስት፣ ሁለት ሺህ አስራ ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ማሽኑ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላት።

እሷም ዞር ብላ «ጋሽ አድማሴ፣ ልጄን በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣላትን ልደት እሱንም ከለከሏት?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ሲቀር። ይህን በአገራችን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ግን ከዚያ ከውጭ መጽሐፍ የተማርኩትን፣ ለአራት ሲካፈል ምንም የማይቀርበትን ዓመት፣ እንዳለ ገልብጬ አስገባሁት። አባቴ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። የመሪጌታ ልጅ ጳጉሜን ከፈረንጅ ሲበደር አያችሁ?

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሥርጉትን ጠራኋት። የሠራነውን የምትፈትሸው እሷ ናት።

«ይህን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ስድስት ሳምንት ሆኖታል።»

«በየጠዋቱ አፍሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ እንዴ? ለምን አልተናገርሽም?»

መሬት መሬቱን እያየች «እርስዎ አልቋል ካሉ በኋላ፣ አላለቀም ብዬ ልዋሽዎት ነው?» አለችኝ። እኔን ውሸታም ላለማለት ራሷን ውሸታም አደረገች። ክቡራትና ክቡራን፣ በአገራችን ይህ ጨዋነት ይባላል። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። መድኃኒት በሚመዘገብበት ቤት ግን ይህ ጨዋነት ሰው ይገድላል።

በማግስቱ አዩብ «ከዛሬ ጀምሮ ከታናሽ እንጀምር፤ ጋሼ መጨረሻ ይሁኑ» አለ። ከፋኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች በኋላ ወረፋ መጠበቄ በእውነት ከፋኝ። ሥርጉት የመጀመሪያዋ ሆነችና ሦስት እንቅፋት ተናገረች። አንዱ መብራት ነበር። ሁለቱ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቁም ስብሰባችን አንድም ቀን በአራት ደቂቃ አልቆ አያውቅም። ሰሌዳው በወረቀት ተሸፈነ፤ ሥራውም ቀና። እኔም ተለወጥኩ ብላችሁ ዛሬ አመሰገናችሁኝ። አቶ አምባቸው «ጋሽ አድማሴ በስተርጅና የተማሩ ሰው ናቸው» አሉ።

አልተማርኩም። አሁን የምናገረው ይህንን ነው።

በአሮጌው ፕሮግራም ያለውን መዝገብ ወደ አዲሱ የሚያዛውረውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሮጌውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ። በአስራ ሁለት ቀን ጨረስኩት። ማክሰኞ ዕለት፣ ልቤ አላርፍ ቢለኝ፣ ደጋ ላይ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ደወልኩና አንድ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ቆጥረው እንዲነግሩኝ ጠየቅኩ። ኦክሲቶሲን ነው፤ ወላድ ደም ሲፈስሳት የሚወጋ መርፌ። ስድስት ብልቃጥ አለ አሉኝ። አዲሱ ፕሮግራም አምሳ አራት ይላል።

አርባ ስምንቱ ከየት መጣ? አላውቅም። ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆን? ወጪው ሳይዛወር ቀርቶ ይሆን? የሌሎቹ ጤና ጣቢያዎችስ? ይህንንም አላውቅም። ረቡዕ ፈለግኩ፣ ሐሙስ ፈለግኩ፤ አላገኘሁትም። ረቡዕ ጠዋት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዛሬም ጠዋት ተራዬ ሲደርስ ምን አልኩ? «እንቅፋት የለብኝም።»

አዎ፣ ዛሬ ጠዋት። ከዚህ በግ በፊት።

ለምን? ንጹሕ ሆኜ ልሰናበት ፈልጌ ነው። ለሰኞው ምረቃ እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳን ታዝዟል። ሌሎች እንዲናገሩ ያስጨነቅኩት ሰውዬ የራሴ ሲመጣ ዋጥኩት። ሥርጉት ዝም ያለችው እኔን አክብራ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ራሴን አክብሬ ነው። የቱ እንደሚከፋ ንገሩኝ ብዬ አልጠይቃችሁም።

ሰኞ ካርዱ ከታጠፈ ማንም መደርደሪያ አያይም፤ የሚታየው ቁጥሩ ነው። አምሳ አራት አለው ለተባለ ጤና ጣቢያ ማን መድኃኒት ይልካል? ስድስቱ ያልቃሉ። ከዚያ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ትመጣለች። ያ መንገድ ዝናብ ሲጥል መኪና እንደማያስወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህች ለማላውቃት ሴት ነው። ቢሆንም ዝም ብዬ ነበር።

ሥርጉት፣ እስቲ ተነሺ። አፍሪ ብዬ አይደለም፣ ተነሺ። ሰምተሻል። አንቺ ፈታሿ ነሽ። ሰኞ ይጀመር ወይስ አይጀመር? ወደ እኔ አትመልከቺ። ወደ አቶ አምባቸውም አትመልከቺ።

ጮክ በይ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙሽም።

«አይጀመርም» ብላለች። «አስራ አንዱም ጤና ጣቢያ መደርደሪያው ተቆጥሮ ከፕሮግራሙ ጋር እስኪገጥም ካርዱ አይታጠፍም» ብላለች። ስንት ቀን? ሁለት ሳምንት ብላለች። ተቀመጪ፣ እግዜር ይባርክሽ።

አቶ አምባቸው፣ ፊትዎ ጠቆረ፤ እውነትዎን ነው። እንግዳ የጠሩት እርስዎ ነዎት፣ ያሳፈርኩዎት እኔ ነኝ። ለተጠሩት ሁሉ ነገ ጠዋት የምደውለው እኔ ነኝ። «ለምን ቀረ?» ሲሉኝ «አድማሴ ደብቆ» እላቸዋለሁ። የድንኳኑን ባለቤትም እኔው አነጋግረዋለሁ፤ ዘመዴ ነው፣ ይሰድበኝ ይሆናል እንጂ እንቢ አይለኝም።

ከሰኞ ጀምሮ ሠራተኛችሁ አይደለሁም። ይሁን እንጂ አሮጌውን ፕሮግራም የማውቀው እኔው ብቻ ነኝና ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ። ከሥርጉት ጎን ተቀምጬ ስትጠይቀኝ እመልሳለሁ። ሳትጠይቀኝ ከተናገርኩ፣ አዩብ፣ ከቤት አስወጣኝ፤ ፈቅጄልሃለሁ። መልመዱ ያስቸግረኛል። እርግጠኛ ሆኜ መናገር ነው የለመድኩት።

ልመርቃችሁ። እጃችሁን ዘርጉ።

የማታውቁትን አላውቅም ለማለት አንደበት ይስጣችሁ። የሚሰማችሁ ታላቅ፣ የሚያርማችሁ ታናሽ አይንሳችሁ። በሥራችሁ የሚድን እንጂ የሚጎዳ ሰው አይኑር። ያቺ ደጋ ላይ ያለች ወላድ፣ ስሟን ሳናውቅ፣ ስማችንን ሳታውቅ፣ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ትግባ። እኔንም ያጠፋሁትን ሳላቃና አይውሰደኝ። የክርስቲያኑ አሜን፣ የእስላሙ አሚን አንድ ላይ ይሰማልን።

አሁን ብሉ። እኔም ትንሽ ልቅመስ።