የሰኞዋም የረቡዕዋም አክስት

ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት ከተማ ጤና ጣቢያ፤ በሩ ላይ ቅቅል ድንች የሚሸጡት እትዬ አስካለ ቅጽ ላይ በአውራ ጣታቸው ሊፈርሙ ሲሉ ነርሷ ሲስተር ዘነቡ የቀለሙን ክዳን ዘግታባቸዋለች፤ ታማሚዋ ልጅ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ዘነቡ፦ አይሆንም እትዬ አስካለ። ጣትዎን ይሰብስቡ።

አስካለ፦ አክስቷ ነኝ አልኩሽ እኮ።

ዘነቡ፦ የሰኞዋም ልጅ አክስት ነበሩ። የረቡዕዋም። ይኸው፣ «ዝምድና» የሚለው ቦታ አክስት ተብሎ ሁለቱም ላይ የእርስዎ አሻራ አለበት።

አስካለ፦ እህቶቼ ብዙ ናቸው።

ዘነቡ፦ አሥር ዓመት አውቅዎታለሁ፤ አንድም እህት የለዎትም።

አስካለ፦ እሺ፣ የለኝም። ልጅቷ ግን አለች። አራት ቀን ሙሉ ትኩሳቱና የሆድ ሕመሙ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷታል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድንቼ አጠገብ ቁጭ እንዳለች መነሳት አቃታት።

ዘነቡ፦ እናቷን ትጥራ።

አስካለ፦ እናት የላትም። አባቷ ከሰማ ከቤት ያስወጣታል።

ዘነቡ፦ ምን ሆና ነው?

አስካለ፦ እሱን ላንቺ ትንገርሽ። እኔ አልጠየቅኳትም።

ዘነቡ፦ ገና አሥራ ስድስቷ ነው። ኃላፊያችን ያለ አሳዳጊ ፊርማ እንዳትነኩ ብሎናል። ባለፈው አንድ አባት ያለ እኔ ፈቃድ ልጄን አከምሽ ብሎ በሰው ፊት እንዴት እንዳዋረደኝ አይተዋል።

አስካለ፦ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ነው የበላሽኝ። ግን የሚያመው እሷን፣ መርፌውም የሚወጋው እሷን። ራሷ እሺ ካለች ለምን አይበቃም?

ዘነቡ፦ እሱን ሕግ ለሚያወጡት ይንገሩ። አንዱ ይበቃል ይላል፣ ሌላው አይበቃም ይላል፤ ነገር ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለመሆኑ ለስንት ልጅ ነው የፈረሙት? ሌላ ጣቢያም ይሄዳሉ?

አስካለ፦ ከለመኑኝ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር አንዷን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወስጃታለሁ።

ዘነቡ፦ እዚህ በሩ ላይ ተቀምጠው ማዶ ምን ወሰድዎት?

አስካለ፦ እዚህ አልገባም አለቻ።

ዘነቡ፦ ለምን?

አስካለ፦ እናቴ እዚህ ትሠራለች አለችኝ።

ዘነቡ፦ የማን ልጅ ናት?

አስካለ፦ እሱን አልነግርሽም።

ዘነቡ፦ እትዬ አስካለ፣ እዚህ የምንሠራ እናቶች ሦስት ነን። የሁለቱ ልጆች ገና ፊደል እየቆጠሩ ነው።

አስካለ፦ እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።

ዘነቡ፦ ለኔ ብትነግረኝ ምን አደርጋት ነበር? እበላት ነበር?

አስካለ፦ እኔም ለእናትሽ ለምን አትነግሪያትም ብያት ነበር። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ሄደች።

ዘነቡ፦ ሌላው ይቅር። ዳነች ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

አስካለ፦ ድናለች። በጊዜ ደርሰናል።

ዘነቡ፦ እዚያስ ዝም ብለው አከሟት? አክስቷ እንዳልሆኑ አላወቁም?

አስካለ፦ የዚያኛዋ ሲስተር ገና ስታየኝ አውቃለች። አወቀችና የቀለሙን ክዳን በራሷ እጅ ከፈተችልኝ።