ከመሠረት በታች ያለው

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ውኃልክ» እያለ የሚጠራቸው አንጋፋ ግንበኛ በዚያ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ችካል ሊተክሉ እንጂ ከማንም ጋር ሊከራከሩ አልነበረም። ስሙ የወጣላቸው ከሥራ መሣሪያቸው ነው። አንድን ግድግዳ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አይተው «ይቺ ትንሽ ሞቅ ብሏታል» ካሉ፣ ውኃልኩ ሲቀመጥም የሚናገረው ያንኑ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው ሊያርፉ ሲሉ፣ እንደ እርሳቸው በኪራይ ቤት የተንገላቱ ጎረቤቶቻቸው የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቋሙና ሰብሳቢ አደረጓቸው። ከከተማው ዳር አንድ ሰፊ ሜዳ ተሰጣቸው። ዕጣ ወጣ፤ ሁሉም የየራሱን ድርሻ አወቀ፤ ዝናቡ ሳይገባ መሠረት ለመጣልም ተጣደፈ።

ጋሽ ውኃልክ የሲባጎ ጥቅላቸውን በብብታቸው ይዘው ሜዳው ጋ ሲደርሱ፣ አጠገቡ ካለው ባዶ ቦታ ድም ድም የሚል ድምፅ ሰሙ። ሦስት እግር ያለው ረጅም ብረት ቆሟል። ሠራተኞች በገመድ ወደ ላይ የሚስቡት ከባድ መዶሻ እየወረደ ቧንቧ ወደ መሬት ያስገባል። ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ቁጢጥ ብላ፣ ከቧንቧው የወጣውን አፈር በጣቶቿ ታሸዋለች።

«ውሃ አገኛችሁ?» አሉ ጠጋ ብለው።

ልጅቷ ቀና አለችና ትንሽ ካየቻቸው በኋላ ብድግ አለች። «ጋሽ ውኃልክ አይደሉም?»

«ነኝ መሰለኝ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«የነርሷ ልጅ ነኝ። ከእርስዎ ቤት ከፍ ብሎ፣ አረንጓዴው በር።»

ያኔ ትዝ አላቸው። የነርሷ ባል በድንገት በሞተ ጊዜ የቤታቸው የጓዳ ግድግዳ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሄደው በነፃ ጠገኑት። አንዲት ጉልበቷ የተላላጠ ልጅ ማንኪያ ይዛ አሸዋውንና ሲሚንቶውን ስታማስል ነበር።

«እናቴ እስከ ዛሬ ስምዎን ሳታመሰግን አታነሳም» አለች እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ። «እኔም የአፈር መሐንዲስ ሆኛለሁ። እዚህ ቦታ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ስለሆነ፣ መሠረቱ ሳይቆፈር አፈሩን እየመረመርን ነው።»

ጋሽ ውኃልክ ፈገግ አሉ። «አፈር ይታመማል እንዴ የሚመረመረው?»

«ይታመማል እንጂ ጋሼ። የሚከፋው ደግሞ በሽታውን ደብቆ ጤነኛ መምሰሉ ነው።»

«አይ ልጄ። እኔ መሬት የምመረምረው በተረከዜ ነው። ረገጥ አደርገውና ድምፁን እሰማለሁ፤ አበቃ። ለመሆኑ አባቶቻችን በማን አስመርምረው ነው የሠሩት? ቤታቸው ይኸው ዛሬም ቆሟል።»

«የቆሙትን ብቻ ነዋ የምናየው» አለች በትሕትና። «የወደቁትን ማን ያሳየናል? ድንጋያቸው ተለቅሞ የሌላ ሰው አጥር ሆኗል።»

 ሽማግሌው ራሳቸው ከፈረሱ ቤቶች ስንት ድንጋይ እየለቀሙ ሠርተዋል። ሰው ግን ክርክር የሚሸነፈው ቀስ በቀስ ነው፤ በተለይ ክርክሩ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራው የሆነውን ነገር የነካ እንደሆነ።

«ይሁን» አሉ፤ «የእኔ ሥራ ግን ይታወቃል። ሲሚንቶ አልሰስትም፤ ብረት አልቀንስም።»

«የእርስዎን እጅ ማን ያማል? ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሳሎንዎ በር ዝናብ ሲጀምር አልዘጋም ይላል?»

ጋሽ ውኃልክ ደንገጥ አሉ። «ማን ነገረሽ? ዝናቡ በጠና ቁጥር ያኮርፋል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ታርቆ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። በዚህ በር የተነሣ ያን አናጢ ስንት ጊዜ ተቀየምኩት።»

«አናጢው ንጹሕ ነው። የእኛም በር እንደዚያው ነበር። የጠገኑልን ግድግዳም በበጋው ተመልሶ ተሰነጠቀ፤ እናቴ እንዳይከፋዎ ብላ አልነገረችዎትም። እኔ ግን ስንጥቁን እያየሁ አደግሁ። ጎበዝ ግንበኛ የሠራው ነገር ለምን ይሰነጠቃል እያልኩ ስጠይቅ ነው እዚህ ትምህርት ውስጥ የገባሁት። ይምጡ፣ ላሳይዎ።»

የሥራ መሣሪያ ወደሚቀመጥባት የቆርቆሮ ክፍል ይዛቸው ገባች። በጠረጴዛው ላይ የተፈጨ አፈርና ውሃ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ ቀዩ አፈር ከታች ረግቶ ተኝቷል። በሁለተኛው ውስጥ ጥቁሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ብርጭቆውን ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«ትናንት ሁለቱንም በአንድ ማንኪያ ነው የሰፈርኩት» አለች።

ጋሽ ውኃልክ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «መረሬ ነው ይሄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሲዘንብ ጫማ የሚነጥቀው።»

«እሱው ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። እኛ የምንኖርበት ሰፈር በሙሉ ከሥሩ ይኸው ነው። ቤቱን እኩል ቢያነሳው እኩል ቢያወርደው ደግ ነበር። ግን ቧንቧ የሚያፈስበትን ጥግ አንስቶ፣ ዛፍ ውሃውን የጠጣበትን ጥግ ይጥለዋል። አንዱ ጥግ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሲጎትተው ግድግዳው የቱን ይስማ?»

«ስለዚህ ያ ሁሉ ስንጥቅ…»

«የእጅዎ ጥፋት አልነበረም ጋሼ።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ለማንም የማይናገሩት ጥርጣሬ ነበራቸው። በሰፈራቸው ባለፉ ቁጥር፣ በሠሯቸው ግድግዳዎች ላይ ያለውን ጭረት እያዩ «እጄ ከድቶኝ ይሆን?» እያሉ ፊታቸውን ሲያዞሩ ኖረዋል። አሁን አንዲት የጎረቤት ልጅ በአንድ ብርጭቆ አፈር ያን ሸክም አወረደችላቸው። ምስጋናው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን የሰብሳቢነት ነገር ሆነና ሌላ ተናገሩ።

«የእኛ ሜዳ ግን ቀይ ነው። በዚያ ላይ ሰዎቼ ቸኩለዋል። የምርመራውን ወጪ ለግድግዳ እናውለው ይሉኛል።»

«ላዩ ቀይ ነው፤ ታቹን ግን አላየነውም። የምርመራ ወጪ ከቤቱ ወጪ አንጻር የበር ቀለም መግዣ እንኳ አይሆንም። የተሰነጠቀን ቤት ማዳን ነው የሚያከስረው። ጋሼ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? እነዚህ ሰዎች ያለቻቸው ዓይን ይቺው ቤት ናት።»

ተረቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ እንዲህ ከቦታው ገብቶ ሲነገር ግን ሰምተው አያውቁም።

«መሣሪያው እዚሁ ነው» ስትል ቀጠለች። «አሠሪዬን አስፈቅጄ የእናንተን ሜዳ ልይላችሁ። የእኛ ቤት ውለታ አለብን።»

«ለውለታ ከሆነ እኔ ያን ጊዜ ብድር አልሰጠሁም።»

«ለውለታ ብቻ አይደለም። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ሕፃናት ይተኛሉ።»

ይህን ሲሰሙ እሺ አሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ልባቸው «ምንም አታገኝም፤ ያኔ እንስቃለን» ይል ነበር።

ምርመራው ሲጀመር ከላይኛው ወገን ቀዩ አፈር እየጠነከረ ሄዶ ከአለት ላይ አረፈ። ጋሽ ውኃልክ ተረከዛቸውን ረገጥ አድርገው ልጅቷን በኩራት አዩዋት። መካከሉ ላይ ከቀዩ ሥር ስስ የመረሬ ንጣፍ ተገኘ፤ ተቆርጦ ወጥቶ ሲጠቀጠቅ በሚጠነክር ገረጋንቲ ሊተካ የሚችል ነው። ሁሉም የተመኘው፣ ጠረጴዛ የመሰለው የታችኛው ወገን ሲደርስ ግን ቧንቧው መዶሻ ሳይነካው በራሱ ክብደት ሰመጠ። ሠራተኞቹ ተያዩ። ጉድጓድ አስቆፈረች። ቀዩ አፈር ከጉልበት በታች አለቀና የተሰባበረ ሸክላ፣ ላስቲክ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ በመጨረሻም ግማሽ የጫማ ሶል ወጣ።

«ይህ ቦታ ድንጋይ ሲፈነቀልበት የኖረ ነው» አለች መሐንዲሷ። «በኋላ ቆሻሻና ፍርስራሽ ሞልተውበት አፈር አለበሱት። ጠረጴዛ የመሰለው ለዚህ ነው።»

ጋሽ ውኃልክ ሶሉን አንስተው አገላበጡት። በዕጣ ይህ ጥግ የደረሳት ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ሁለት ልጆቿን በአንድ የስፌት መኪና የምታሳድግ ልብስ ሰፊ ናት። ዕጣው የወጣላት ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ ዓይናቸው ላይ መጣ። «እኔው በእጄ ልገነባላት ነበር» አሉ። «ውኃልኩ ምንም ሳይል።»

የላቦራቶሪው ውጤት እንደ ደረሰ አባላቱን በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ሰበሰቡ። መሐንዲሷ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣለች የተገኘውን አስረዳች። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሥዕሉን በዓይኗ ትከተላለች። ከአባላቱ አንዱ የሆነው ባለ ታክሲ ግን ተነሣ። ዕጣው እዚያው ታችኛው መስመር ላይ ነበር።

«ዕጣ ወጥቷል፤ ነገሩ አልቋል» አለ። «እኔ ኪራይ ሰልችቶኛል። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ምን ጎደለው? ደግሞስ ጋሼ፣ በተረከዝዎ እንድናምን ያደረጉን እርስዎ ራስዎ ነበሩ።»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ውኃልክም አብረው ሳቁና ጠየቁት፦ «አንተ ታክሲህን ስትገዛ መጀመሪያ ምን አየህ?»

«ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን።»

«ቀለሙ የሚያምር ሆኖ ሳለ?»

«በቀለም ማን ይነዳል ጋሼ?»

«እንግዲያው መሬቱን ለምን በቀለም ትገዛዋለህ? ይቺ ልጅ ኮፈኑን ከፈተችልን። ሞተሩ የለም።»

ባለ ታክሲው አንገቱን አከከ። ቀጥሎ የተናገረው በለዘበ ድምፅ ነበር። «ታዲያ የኛ የታችኞቹ ዕጣ ምን ሊሆን ነው? ሜዳ ላይ ልንቀር ነው?»

«ማንም አይቀርም» አለች መሐንዲሷ። «ቤቶቹን ሁሉ ወደ ላይኛው ወገን እንሰበስባቸዋለን። ሁለት ሁለቱ ግድግዳ ይጋራሉ። ግቢ ይጠባል፤ ሰው ግን አይጎድልም። መሠረቱ ከመረሬው በታች ይወርዳል። የዝናብ ውሃ ከግድግዳ ሥር እንዳይተኛ ዙሪያውን ቦይ ይሠራል። የልጆች መጫወቻው ከፍ ብሎ ጠንካራው ላይ ይሁን፤ ታችኛው ቦታ ደግሞ ሣር ብቻ ይሁን፤ ሣር ቢሰምጥ ማንንም አይጎዳም።»

ከላይኛው ወገን ዕጣ ከደረሳቸው አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። የራሳቸው ግቢ መጥበቡ ነው። በዚህ መካከል ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች።

«እኔ ስለ ራሴ ልናገር» አለች። «ሳልወድቅ የነገራችሁኝን እናንተን ፈጣሪ ያክብርልኝ። ቦታ የምታካፍሉኝም እንደዚሁ። ግቢዬ ይጥበብ፤ እንቅልፌ ይስፋ።»

ከዚያ በኋላ የሚያጉረመርም አልተገኘም። ፕላኑ ተለወጠ፤ ዝናቡም ቀደማቸው። አንድ ወቅት በኪራይ ቤት ተጨማሪ መታገሥ ግድ ሆነ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እየተባባሉ ተጽናኑ፤ ሰማዩ ሲከፈት መሠረቱ ተቆፈረ። ጋሽ ውኃልክ ጉድጓዱ በተቆፈረ ቁጥር ልጅቷ ወርዳ ሳታየው አርማታ አላስፈሰሱም። ወጣቶቹ ግንበኞች ሲቀልዱባቸው «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይሏቸው ነበር።

ሰዎቹ፣ ጋሽ ውኃልክም ጭምር፣ ገብተው ኑሮ ከጀመሩ በኋላ ከበድ ያለ የዝናብ ወቅት መጣ። አንድ ጠዋት ባለ ታክሲው በጋሽ ውኃልክ በር ላይ ቆሞ «ይምጡ እስቲ፣ ይዩት» አላቸው። ተከታትለው ወረዱ። የሣሩ ሜዳ ጥግ ተደርምሶ አንድ ክፍል ቤት የሚውጥ ጉድጓድ ሆኗል፤ ውሃው ከታች ይንቦጫረቃል። ከላይ ያሉት ቤቶች ግን ቦያቸው ውሃውን እየሸኘ፣ ግድግዳቸው ያለ አንዲት ጭረት ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ አየችና፣ ወደ ሽማግሌው ዞራ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ባለ ታክሲውም ኮፍያውን አወለቀ።

ጉድጓዱን በአጥር እንዲከልሉት ልትመክር መሐንዲሷ በዚያው ቀን መጣች። ጋሽ ውኃልክ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቁም።

«ያን ቀን ላመሰግንሽ አስቤ አፌን ኩራት ያዘው» አሏት። «እናመሰግናለን ልጄ። አንቺንም፣ ያስተማረችሽን እናትሽንም።»

«ባይሰሙኝ ኖሮ ዕውቀቴ ብርጭቆ ውስጥ ይቀር ነበር» አለች። «እኔም አመሰግናለሁ ጋሼ።»

እውነትም ትርፉ ብዙ ነበር። ሕይወት ተረፈ። ሰዎቹ በየዓመቱ ለልስንና ለጥገና የሚያወጡትን ለልጆቻቸው ትምህርት አዋሉት። ቦዩ ውሃውን ስለሚወስድ ትንኙም ጭቃውም ቀነሰ፤ ልጆችም መጫወቻ አገኙ። ከሁሉ በላይ ጎረቤት ከጎረቤት «ያንተ ፍሳሽ ነው የኔን ግድግዳ ያፈረሰው» ተባብሎ መካሰስ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ መሬት የተሰጣቸው ሌሎች ማኅበርተኞች ሊማከሩ ሲመጡም፣ ጋሽ ውኃልክ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ከማውራታቸው በፊት «አፈሩን አስመረመራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በዚያ ቀን መሐንዲሷ ከሄደች በኋላ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉና፣ ሰውዬው በመስኮቱ ወደ ታች እያዩ ሻያቸውን ረስተው መቀመጣቸው ገረማቸው።

«ምን ሆነው ነው አንቱ?»

«ምንም አልሆንኩም» አሉ ጋሽ ውኃልክ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያመሰገነኝ ለሠራሁለት ቤት ነበር። ዛሬ እጅ የነሡኝ ላልሠራሁት ቤት ነው።»