እማዬን የምታመጣው መኪና

ፀዳልዬ! ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ። እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ብዙነህ ደህና ነው? የዛሬውን አየር አየሽልኝ... ጠዋት በረዶ ጥሎ አሁን ሹራብ ያስወልቃል። የዴንቨር አመሏ መቼ ይታወቃል! ስቴፕልተን ሰፈርስ፣ አዲሱ ቤት ተመቻችሁ? እሰይ፣ እሰይ።

እኛም ደህና ነን። ዛሬማ ደስታ ነው፤ እማዬ አይደለች የምትመጣው! ስንት ዓመቴ ካየኋት! ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ቀይራለች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እዚህ ናት። እንግሊዝኛ እንደሆነ ከ«ኖ» በቀር አታውቅም። ያን የሚያህል ኤርፖርት ውስጥ ብቻዋን ቆማ በር በሩን ስታይ እንዳታመሽብኝ ነው ጭንቀቴ።

አይ፣ መኪናማ አለን። ያውልሽ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ። ቀስ ብለሽ አውሪ እንዳልልሽ... ምን ቸገረን፣ ጭንቅላቱን እዚያ ውስጥ የቀበረ ሰው ሞተሩን ነው እንጂ እኛን የት ይሰማል? ደግሞ እኔ ስለማንም አላወራሁ! የማወራው ስለ መኪና ነው።

ማፏጨት ከጀመረች ሰነበተች። ሽሽሽሽ... እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ። ስንቷ ምስኪን መኪናዋን ጋራዥ ለጋራዥ ስታስጎትት፣ እኔ ጋራዡን አግብቼው ቁጭ! መጀመሪያ «የከፍታው ነገር ነው» ተባልኩ። ዴንቨር ከፍ ያለ አገር ስለሆነ ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት ነው ተባለ። አመንኩ። ለምን አላምን? የነገረኝ እንጦጦ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው! አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች እንዴ በከፍታ? እኔ ምን አውቄ...

ከዚያ ባትሪው ተቀየረ። ለፉጨት ባትሪ መቀየር ለማን ይታየዋል? ካንዴላዎቹ ወጥተው ታጥበው ገቡ። ራዲያተሩ ወርዶ ሳሎኔ ውስጥ ከሶፋው ጎን ሰነበተ፤ ሰው ሲጠይቀኝ «የባለቤቴ የእጅ ሥራ ነው» እላለሁ፣ ኮርቼ። ተመልሶ ሲገጠም ብሎን ተረፈ። የሠሩት ሰዎች ዝም ብለው አብዝተውት ኖሯል፤ እሱ ባያርምልን ተሸክመነው ልንኖር!

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ደግሞ ወንዱ በሙሉ ኮፈኑን ከቦ አንገቱን ደፋ። የሞተ ሰው ያለ ነበር የሚመስለው። ያንቺው ብዙነህ «አንዷ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ እንዳይሆን» ቢል ምን ተባለ መሰለሽ? «ብዙነህ፣ ይሄ የባለሙያ ነገር ነው።» ነገረሽ እንዴ? አልነገረሽም? ጨዋ ነው።

ትናንት ከሥራ ስገባ «ካቻቢቴውን አቀብዪኝ» ተባልኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ሳቀብል ያቺን ቀጭን ቱቦ አየኋት፣ ጎኗ ላይ ተሰንጥቃ። ጣቴን ጣል ባደርግባት... ሳብ አድርጋ ያዘችኝ፤ ፉጨቱም ጸጥ! ሳነሳው ሽሽሽ። ስመልሰው ጸጥ! «አትነካኪ፣ ታበላሺያታለሽ!» ተባልኩ። አነሳኋ። ምን ላድርግ ፀዳልዬ? ባለሙያ ሥራ ላይ እያለ ሚስት ጣቷን ትሰድዳለች? እኔ እንደዚያ ሆኜ አላደግኩም። እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ ስናደድ ነው ያደርኩት።

ጥፋቱም የእማዬ ነው። ያኔ ልንጋባ ስንል «ለመሆኑ ይሄ ልጅ የጀመረውን ይጨርሳል?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋ ባለ ጉዳዩ ጆሮ ደረሰ። ይኸው ዛሬ «በገዛ እጄ በጠገንኳት መኪና ካልተቀበልኳት ሞቼ እገኛለሁ» ተባለ። ታክሲ የለ፣ የሰው መኪና የለ። አማቱን እንዲህ የሚያከብር የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ኤርፖርቱ እንደ ድሮው እናንተ ሰፈር ቢሆን እኮ በእግሬም እደርስ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ወስደው ሲሠሩት የኛን መኪና ማን አሳያቸው?

በይ፣ ቦርሳዬን ይዣለሁ፤ ባንቺ መኪና እንሂድ። አይ፣ አትጥሪው! ሰው ከሥራው ይነሳል እንዴ? እማዬ «የት አለ?» ስትለኝ «እየመጣ ነው» እላታለሁ። መቼ ብላ አትጠይቀኝም፤ አስተዋይ ሴት ናት።

ኮፈኑ ውስጥ ላለውም እጁን ይባርክልኝ። ለእማዬም ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅ ልጆቿን ድራ የእነሱንም ልጆች ታቅፍልኝ። አሜን በይ እንጂ ፀዳልዬ... ጮክ ብለሽ! ዕድሜዋን የማቱሳላ ያድርግልኝ፤ አማቿ በገዛ እጁ በጠገናት መኪና ሳትሳፈር ነፍሷን አይውሰድብኝ።